የወረቀት ጋሻና የእንጨት ጎራዴ፤ ጀማሪው ከየትኛው ይነሣ?

የዐድዋ ድል በዓል በየካቲት 23፥ የአርበኞች መታሰቢያ በሚያዝያ 27፥ የትምህርት ቤቶች መዝጊያም በሰኔ በየተራቸው በደረሱ ቁጥር በየአዳራሹ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሻውን ከየት እናምጣው? ጎራዴውንስ ማን ይሠራልናል?» የሚል ነው። ቃለ ተውኔቱ ተጠንቶ፥ ተጫዋቹ ተመርጦ፥ ልብሱም ከየቤቱ ተለምኖ ካለቀ በኋላ፥ የመድረኩ ዕቃ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የሚያስብለት ሰው ሳያገኝ ይቀራል። በመጨረሻም ከአንድ ሽማግሌ ቤት የአያት ጋሻ በውሰት ይመጣል፤ አለዚያም አንዱ ልጅ የጣውላ ፍላጭ ቀለም ቀብቶ ጎራዴ ነው ይላል፤ ተመልካቹም ሊያለቅስበት በሚገባው ቦታ ይስቅበታል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ምኞት ተጨምሯል። በየከተማው ያለው ወጣት በሲኒማ መጋረጃ፥ በቴሌቪዥንና በኮምፒዩተር ጨዋታ የሚያየውን የራስ ቁር፥ የደረት ጥሩርና የሚያበራ ሰይፍ በገዛ እጁ ሠርቶ ሊይዘው ይመኛል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያስቸግረው መሰላሉን ከላይኛው መወጣጫ ለመጀመር መፈለጉ ነው። በመጀመሪያ ቀን የራስ ቁር የጀመረ ወጣት በሦስተኛው ቀን ካርቶኑ ተቀዶ፥ ኮላው ደርቆ፥ ትዕግሥቱም አልቆ ዕቃውን ከጓሮ ይጥለዋል፤ «እጄ ለሥራ አይሆንም» ብሎም በራሱ ላይ ይፈርዳል። እኛ ግን ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የምርጫ ነው እንላለን።

ስለዚህ በዛሬው እሑድ፥ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚኖር ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ የመድረክና የሲኒማ አምሳያ ዕቃ ለመሥራት ቢነሣ፥ በችሎታው መጠን ምን መርጦ ቢጀምር እንደሚበጀው ለመነጋገር አስበናል። ይፋትን የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል በደሴ መንገድ ተጉዞ፥ የጣርማ በርን ብርድ ወደ ኋላ ትቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የወረደ መንገደኛ የሚያገኘው አገር፥ የአማራው፥ የአርጎባው፥ የኦሮሞውና የአፋሩ ዕቃ በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን በዚያው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንበቴ ገበያዋ የሚቆመው እንደ ስሟ በሰንበት ቀን ነው። አምሳያ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አይገኝም፤ የሚያስመስለውን ዋናውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ፥ በእጁም ዳስሶ ሊማር ይችላልና።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ እናስወግድ። አምሳያ ማለት ሐሰት ማለት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው፥ እኛ ድንቅነሽ ዓለም ሉሲ የምንላት ጥንታዊት ፍጡር፥ በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ዘወትር ለጎብኚ የምትታየው በአምሳያዋ ነው፤ ዋናው አጥንት ግን እንዳይጎዳ በጥንቃቄ ተዘግቶ ይጠበቃል። ሐዳር የሚገኘውም የይፋት ወንዞች ቁልቁል በሚወርዱበት በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ መሆኑን የይፋት ተማሪ ልብ ይበል። እንደዚሁም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው መድፍ የሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ በጋፋት የተሠራውና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ዋናው ሴባስቶፖል ከመቅደላ አልወረደም። እንግዲህ አምሳያ ሁለት አገልግሎት አለው። ዋናውን ከጥፋት ያድናል፤ ዋናውን ለማየት ላልታደለውም ሕዝብ ዕውቀት ያካፍላል። የትምህርት ቤት ጋሻም ሥራው ይኸው ነው።

ይህ ሙያ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት፥ የዘመናዊ ተውኔታችን መጀመሪያ የሚባለው «ፋቡላ» ተናጋሪዎቹ አራዊት ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር፥ በ1948 ዓ.ም. «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለው ተውኔት የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም ቤት፥ በየዘመናቸው ዘውድና ሰይፍ፥ ጦርና ጋሻ ሳያስፈልጋቸው አልቀረም። እኛ ደራሲውንና ተጫዋቹን ስናስታውስ፥ ዘውዱን ያጣበቀውን፥ ጦሩን የሳለውን እጅ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ይህም የመጣው የእጅ ሥራን ከመናቅ ልማድ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸማ የሚሠራውን በስድብ ስም መጥራት በአገራችን የቆየ በሽታ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም፥ ዲፕሎማ የያዘ ወጣት መሮና ሞረድ ይዞ መታየትን እንደ ውርደት የሚቆጥርበት ጊዜ ፈጽሞ አልጠፋም። የአምሳያ ዕቃ ሥራ ይህን ወጣት በጨዋታ ስም ወደ ቀጥቃጩ፥ ወደ ፋቂውና ወደ አናጢው ደጅ ይወስደዋል። ጎራዴን ለማስመስል የሞከረ ሰው እውነተኛውን ጎራዴ የሠራውን ሰው ሊንቅ አይችልም። ለእኛ ከመድረኩ ጌጥ ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንመለስ። ብዙ ሰው የአንድን ዕቃ ቀላልነት ወይም ከባድነት በመልኩ ይፈርዳል። መልክ ግን አታላይ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ዕቃው ስንት ዓይነት የእጅ ሙያ ይፈልጋል የሚለው ነው። ልክ መውሰድ፥ መቁረጥ፥ ማጣበቅ፥ መቅረጽ፥ መገጣጠም፥ መቀባት፥ በመጨረሻም ማንቀሳቀስ እያልን ብንቆጥር ሰባት ሙያ እናገኛለን። ከእነዚህ መካከል ዋና ሥራው በልክ መውሰድ፥ በመቁረጥ፥ በማጣበቅና በመቀባት የሚያልቅ ዕቃ የጀማሪ ነው፤ በዚያ ላይ መቅረጽና መገጣጠም የተጨመረበት የመካከለኛው ነው፤ የሚከፈት፥ የሚዞር ወይም የሚያበራ ክፍል ያለውና እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ብዙ ነገሮች የሚጋጠሙበት ደግሞ የዐዋቂው ነው።

ከዚህም ጋር ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛ፥ ተመልካቹ ከምን ያህል ርቀት ያየዋል? በአዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ወንበር እንኳ ከመድረኩ አራት ወይም አምስት ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ ርቀት የሚታየው የዕቃው ቅርጽና ዋና ዋናው ቀለም እንጂ ጥቃቅን ጌጡ አይደለም። የሲኒማ ካሜራ ግን አንድ ስንዝር ድረስ ይቀርባል። ስለዚህ ያው ጋሻ ለመድረክ የጀማሪ ሥራ ሲሆን፥ ለካሜራ የዐዋቂ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ዋናው ዕቃ በቅርብ ይገኛልን? በዓይን ያላዩትንና በእጅ ያልመዘኑትን ነገር ማስመስል እጥፍ ድካም ነው። ሦስተኛ፥ ዕቃው ከታሪኩ ዘመን ጋር ይስማማልን? ለምሳሌ የይፋትን ሡልጣኖችና እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1314 እስከ 1344 የነገሡትን የዐፄ ዐምደ ጽዮንን ጦርነት የሚያሳይ ተማሪ ለአንዱም ወታደር ጠመንጃ ሊያስይዘው አይገባም፤ ያ ጦርነት የሰይፍ፥ የጦር፥ የቀስትና የጋሻ ነበርና። የ1888ቱ የዐድዋ ጦርነት ግን ጠመንጃውና መድፉ ከጦርና ከጎራዴ ጋር የተሰለፈበት ነው።

አሁን እያንዳንዱን መደብ እንመልከት።

የጀማሪው መደብ የሚጀምረው፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከልጅነት ነው። በማሽላ አገር ያደገ ልጅ ከአገዳ መኪና፥ መነጽርና በሬ ሠርቶ ያልተጫወተ ጥቂት ነው። የአገዳው ልባስ እንደ ቀጭን እንጨት ያገለግላል፤ ውስጡ ደግሞ እንደ ቡሽ ለስላሳ ስለ ሆነ ልባሱን ሰክተው ሊገጣጥሙበት ይቻላል። ስለዚህ ማንኛውንም ትልቅ ዕቃ ከመሥራት በፊት ትንሽ አርአያውን በአገዳ ሠርቶ ማየት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ብልሃት ነው። ለጀማሪው የምንመርጥለት የመጀመሪያ ሙሉ ዕቃ ግን ጋሻ ነው። የጥንቱ ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ፥ ክብ ሆኖ መካከሉ ወደ ፊት የወጣ ነው። ይህን ቅርጽ ከካርቶን ለማግኘት ሒሳቡ ቀላል ነው።

በምስማርና በ30 ሳንቲ ሜትር ክር በካርቶኑ ላይ ክብ ይሣላል፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ክቡ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ከጠርዙ እስከ መካከሉ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ይቀደዳል። ቀጥሎም የተቀደደው አንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ተደርቦ፥ በዳርቻው በኩል ሲለካ 23 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እስኪገባ ድረስ ይሳብና ይጣበቃል። ይህ የክቡ ዙሪያ አንድ ስምንተኛ ነው። ያን ጊዜ ጠፍጣፋው ካርቶን ራሱ ተነሥቶ፥ ወርዱ 52 ሳንቲ ሜትር ተኩል፥ የመካከሉም ከፍታ 14 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ጋሻ ይወጣዋል። ይበልጥ እንዲሾጥ የፈለገ ድርቡን ይጨምራል፤ እንዲለጥጥ የፈለገ ይቀንሳል። በትምህርት ቤት የተማርነው ሒሳብ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ በእጅ የሚያዝ ነገር የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ስኒ ዱቄት በአምስት ስኒ ውኃ እንደ ቀጭን አጥሚት ተፈልቶ፥ እንዳይሻግት አንድ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል። ሦስት ጣት የሚሰፋ የጋዜጣ ቁራጭ በዚህ እየተነከረ በአራት ድርብ ይለበጣል። እዚህ ላይ የቆላ ሠራተኛ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነች ሥራውን ፀሐይ ላይ ያሰጡት እንደ ሆነ ከላይ ቀድሞ ደርቆ ይቆለመማል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር፥ ነፋስ ባለበት ይድረቅ፤ ሁለቱ ድርብ ሳይደርቅም ሦስተኛው አይጨመር። ለመካከሉ እብጠት የትንሽ ቅል ግማሽ ይጣበቅበታል፤ ከውስጥ በኩል የመያዣ ጠፍር ይገባለታል። በጥቁር ቡናማ ተቀብቶ ወርቃማ ጭረት ከተደረገበት፥ ከአምስት ሜትር ላይ ያለ ተመልካች ካርቶን መሆኑን አይጠረጥርም። ዘውድና የአራዊት ፊትም በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፥ አንድ ጋሻ ጨርሶ የወጣ ጀማሪ የሦስት ዕቃ ሙያ አገኘ ማለት ነው።

የመካከለኛው መደብ ጦር፥ ጎራዴና ጩቤ ናቸው። ጦር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ረጅም ዕቃ ስለ ሆነ በጠባብ መድረክ ላይ የሌላውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ዘንጉ ሽመል ይሁን። ጫፉ ግን በምንም ምክንያት ከብረት ወይም ከጠንካራ እንጨት አይሠራ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ተቆርጦ፥ በቀጭን ካላማዳሪ ተለብጦ፥ በማስቲሽ ይጣበቅና ብርማ ቀለም ይቀባ። ፈተናው ይህ ነው፤ ጫፉን በመዳፍ ላይ ሲጫኑት መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ መድረክ ላይ አይውጣ።

ጎራዴ የመጀመሪያው እውነተኛ የቅርጽ ሥራ ነው። አስቀድሞ ቅርጹ በካርቶን ተቆርጦ፥ የሚይዘው ተጫዋች በእጁ ይዞ ይወዛወዝበት፤ ለጎልማሳ 85፥ ለትንሽ ተማሪ 65 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ልኩ ከታወቀ በኋላ ከአናጢ ቤት የዋንዛ ወይም ሌላ ለስላሳ የጣውላ ቁርጥራጭ ተፈልጎ፥ በመጋዝ ወጥቶ፥ በሞረድ ተስተካክሎ፥ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ስለቱ እንደ እርሳስ ወፍራምና ክብ ይሁን። ብርማው ቀለም ከደረቀ በኋላ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ወዲያው በጨርቅ ቢጠረግ፥ ጥቁሩ በየስርጉዱ ይቀርና ጎራዴው ዘመን ያየ ይመስላል። አዲስ ብረት የሚያብረቀርቅ ጎራዴ የያዘ አርበኛ ከሱቅ የመጣ እንጂ ከዱር የመጣ አይመስልምና፥ ይህ ትንሽ ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አፎቱ ከካርቶን ተሠርቶ በቀይ ቆዳ ወይም በቀይ ጨርቅ ይለበጣል።

በዚሁ መደብ የአፋሩ ጊሌ ይገኛል። ሰፊው፥ ጠምዘዝ ያለው፥ በሁለት በኩል ስለት ያለው ጊሌ ከጎራዴ ይልቅ አጭር ቢሆንም ለመቅረጽ ይበልጥ ያስቸግራል፤ የሁለቱ ጎን ሚዛን ሊጠበቅ ይገባልና። እዚህ ላይ ከእጅ ሙያ ሌላ የምግባር ጥያቄ አለ። ጊሌ ባለቤቱ በወገቡ የሚታጠቀው፥ ክብሩ የሚታወቅበት ዕቃ ነው እንጂ የሙዚየም ትዝታ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አምሳያውን የሚሠራ ተማሪ የአፋር ጓደኛውን ወይም አባቱን ጠይቆ፥ አያያዙንና አስተጣጠቁን ተምሮ ይሥራው። በመድረክ ላይ ጊሌ የታጠቀውን ሰው ሁሉ ወንበዴ አድርጎ ማሳየት የዕቃ ጉድለት ሳይሆን የአስተዳደግ ጉድለት ነው።

ወደ ሦስተኛው መደብ ስንወጣ የሲኒማውንና የኮምፒዩተር ጨዋታውን ዓለም እናገኛለን። የራስ ቁርን አስቸጋሪ የሚያደርገው ከሁሉ አቅጣጫ ክብ መሆኑ ነው። ይህን ችግር ከማንም ቀድሞ የፈታው ልብስ ሰፊው ነው፤ እርሱ ጠፍጣፋ ጨርቅ ቆርጦ ክብ ትከሻ ያለብሳል። የራስ ቁር ሠሪም እንደዚሁ ያድርግ። በራስ ልክ የሆነ አሮጌ ድስት በፌስታል ጠቅልሎ፥ በላዩ ፕላስተር እየለጠፈ ይሸፍነው፤ የሚቆረጥበትን መሥመር በእስክሪብቶ ያስምርና ቀዶ ያውጣው። ጠፍጥፎ የተዘረጋው ቁራጭ ንድፉ ነው። ከዚያ በኋላ ንድፉን ወደ ካርቶን ወይም ወደ ፎም ማዛወር ብቻ ይቀራል። ሁለት ጋሻና አንድ ጎራዴ የሠራ እጅ ይህን ያለ ብዙ ጭንቀት ይወጣዋል፤ ምንም ያልሠራ እጅ ግን በመጀመሪያው ስፌት ይሸነፋል።

ስለሚያበራው ሰይፍም ወጣቶቻችን አንድ ታሪክ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1977 በታየው «ስታር ዎርስ» በተባለው ሲኒማ ውስጥ ዓለም ያደነቀው የብርሃን ሰይፍ እጀታ፥ ግራፍሌክስ ከተባለ አሮጌ የፎቶግራፍ ካሜራ የብልጭታ መያዣ የተሠራ ነበር፤ ጎማና ሌላም ጥቂት ነገር ተጨምሮበት ነው እንጂ በልዩ ፋብሪካ የወጣ አልነበረም። እንዲሁም በኒውዚላንድ ያለው ዌታ የተባለው የሥራ ቤት ለ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ሲኒማ ዕቃ ሲሠራ፥ ያንኑ አንድ ሰይፍ ለካሜራ ቅርብ የሚሆነውን በብረት፥ ለውጊያ የሚሆነውን በቀላልና በለስላሳ ነገር ለየብቻ ያዘጋጅ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ዓይን ያለው ሰው ከተጣለ ዕቃ መካከል የሚፈልገውን ያገኛል፤ ባለሙያ የሆነ ቤት እንኳ ለሁሉ ሥራ አንድ ዕቃ አይበቃውም።

የዚህ መደብ የመጨረሻ ፈተና መድፍ ነው። ሴባስቶፖልን ለመድረክ የሚሠራ ቡድን አሮጌ በርሜል ጎትቶ ከመድከም፥ የሽቦ ቀለበቶች በቀርቀሃ ፍላጭ አያይዞ፥ ካርቶን አልብሶ፥ በጀሶ የተነከረ ጨርቅ ቢለብጠው ሁለት ልጆች ሊሸከሙት ይችላሉ። ነገር ግን ሃያ ሰው ሲጎትተው መታየት አለበት። በመድረክ ላይ ክብደትን የሚያሳየው ዕቃው ሳይሆን የተጫዋቹ ጀርባ፥ አንገትና ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሠሪውና ተጫዋቹ ቀድመው አብረው ካልተለማመዱ እጅግ ያማረው መድፍ እንኳ የወረቀት መሆኑ ይታወቅበታል።

አሁን የዝምታ ነገር ወደማይሆንበት ጉዳይ ደርሰናል። ይኸውም ጠመንጃ ነው። በኮምፒዩተር ጨዋታ የሚታየውን ዘመናዊ ጠመንጃ እውነተኛ አስመስሎ መሥራት በእጅ ሙያ ረገድ የዐዋቂ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በአእምሮ ረገድ ግን የዐዋቂ ሥራ አይደለም። የይፋት ቆላ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይቷል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ሕዝቡ ተሰዷል። ይህን ያየች እናት፥ ይህን ያየ ሕፃን፥ መሣሪያ ይዞ የሚጠብቅ ዘበኛም ቢሆን፥ በምሽት ከሩቅ የሚመጣው ጠመንጃ የካርቶን መሆኑን ሊመረምር ጊዜ የለውም። ጥሩ አምሳያ ማለት ከሩቅ የሚያሳምን አምሳያ ነው ብለናል፤ በጋሻ የሚያስመሰግነው ይኸው ችሎታ በጠመንጃ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ይሁን። የዘመናችንን ጠመንጃ አምሳያ አንሠራም። የዐድዋ ወይም የአርበኞች ተውኔት ውጅግራና ምንሽር የግድ ካስፈለገው፥ ከአንድ ወጥ ጣውላ የተቆረጠ፥ አፈ ሙዙ የተደፈነና ቀይ የተቀባ፥ በመብራት ሥር ብቻ ጠመንጃ የሚመስል ይሁን፤ ከአዳራሹ አይውጣ፤ መውጣት ካለበትም በጨርቅ ተጠቅልሎ በመምህር እጅ ይሂድ፤ የአካባቢው ጸጥታ ክፍልም አስቀድሞ ይወቀው። ምን መሥራት እንደሚችል ያወቀ ሠራተኛ ጎበዝ ነው፤ ምን አለመሥራት እንደሚገባው ያወቀው ግን አዋቂ ነው።

በመጨረሻም ስለ ዋናው ዕቃ እንናገር። ብዙ ጊዜ አምሳያ የሚሠራ ሲጠፋ የአያት ጋሻና ጎራዴ ከየቤቱ እንደሚወጣ ከላይ ጠቅሰናል። የዘመናት ቆዳ በላብና በመብራት ሙቀት ይሰነጠቃል፤ አንድ ጊዜ የወደቀ የብር ጌጥ ተመልሶ አይገኝም፤ አንድ ጊዜ በሰው ፊት የታየ ቅርስም ገዥ ያፈላልገዋል። ከመቅደላ ተዘርፎ የሄደ ጋሻ በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሐራጅ ሊሸጥ ተዘጋጅቶ፥ የኢትዮጵያ ተቃውሞ ከተሰማ በኋላ ከሐራጁ መውጣቱን እናስታውሳለን። ያንን ጋሻ የወሰደው ጦር ነበር፤ በየመንደሩ የቀረውን ግን የራሳችን ቸልተኝነት እንዳይወስደው ያስፈራል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን አዋጅ በር ላይ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ በየቤቱ ጓዳ አይገባም። በየጓዳው ሊገባ የሚችለው የመንደሩ ተማሪ ነው።

እንዴት ይግባ? ዕቃውን ሊወስድ ሳይሆን ልኩን ሊወስድ ይግባ። ሜትርና ደብተር ይዞ፥ ከሽማግሌው ፊት ተቀምጦ፥ ወርዱንና ቁመቱን ይለካ፤ የጌጡን መልክ ይሣል፤ ከተፈቀደለትም ፎቶግራፍ ያንሣ። በአማርኛ፥ በአርጎብኛ፥ በኦሮምኛም ሆነ በአፋርኛ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ይጻፍ። «አባባ፥ ይህን ማን ሠራው? ማንስ አደሰው? የት ውሎ መጣ?» ብሎ ይጠይቅ። የዚያ ደብተር ዋጋ ከካርቶኑ ጋሻ ይበልጣል። በወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወጣት ሠራተኛም ይህን የመሰለ ደብተር ከየትምህርት ቤቱ ቢቀበልና ቢያስቀምጥ፥ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ የአውራጃውን የጥበበ እድ መዝገብ ሊጀምር ይችላል።

ጊዜውን ማወቅም ከምርጫው ይቆጠራል። ለየካቲት 23 የሚሠራ ሰው በጥር መጀመሪያ ይነሣ። አንድ ሳምንት ለምርጫና ለልክ፥ ሦስት ሳምንት ለመቁረጥና ለማድረቅ፥ አንድ ሳምንት ለቀለም፥ የቀረውም ጊዜ ተጫዋቹ ከዕቃው ጋር እንዲለማመድ ይሁን። ዕቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጫዋቹ እጅ የሚገባው በበዓሉ ቀን የሆነ እንደ ሆነ፥ ጋሻውን እንደ ሰፌድ መያዙ አይቀርም። በዓሉ ካለፈ በኋላም ዕቃው ይጣል አይባል፤ ምስጥ በማይደርስበት ሣጥን ገብቶ፥ ማን እንደ ሠራው ስሙ ተጽፎበት፥ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይተላለፍ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለእጅ ሥራም ይሠራል። ዘንድሮ የካርቶን ጋሻ የሠራ ተማሪ ለከርሞ ጎራዴ ይቀርጻል፤ በሦስተኛው ዓመት የሲኒማውን የራስ ቁር ቢመኝ ምኞቱ ከእጁ አይርቅም። ለመጀመሪያው ሥራ ግን አሮጌ ካርቶን፥ አንድ ስኒ ዱቄት፥ አንድ ምስማርና 30 ሳንቲ ሜትር ክር ይበቃል።